«አባቴ ፓርኪንሰን አለበት፤ እኔ ደግሞ ላብራቶሪ ገባሁ»

«ውድ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በቅርቡ ስለ ዶፓሚንና ስለ ፓርኪንሰን በሽታ የሚያጠና ላብራቶሪ ገብቻለሁ። ይህን የመረጥኩት አባቴ ፓርኪንሰን ስላለበት ነው። የተሰጠኝ ሥራ ሴሎች ላይ ዶፓሚን ጨምሬ፣ ሴሎቹን ከሞት የሚያድን ውህድ መፈለግ ነው። ከዚያ ወደ አይጥ እንሄዳለን ተብሏል። ግን ምንም አልሆነልኝም። አንድ ቀን ሴሎቹ ያልቃሉ፤ በሌላ ቀን በዚያው መጠን ምንም አይሆኑም። የማነባቸው ጽሑፎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሌሎቹ ተማሪዎች ሁሉን የሚያውቁ ይመስላሉ። ቤት ስገባ አባቴ ‹ዛሬስ ምን አገኛችሁ?› ይለኛል፤ መልስ የለኝም። ምናልባት ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ይሆን? ልተወው ወይስ ልቀጥል? እርስዎ ምን ይመክሩኛል?
ግራ የገባት ተማሪ»

ውድ እህቴ፣

ቀጥዪ። መልሴን ያስቀደምኩት ደብዳቤሽ ውስጥ ያለው ጭንቀት ስለተሰማኝ ነው። ፈጣሪ አባትሽን ይማርልሽ። አሁን ወደ ሴሎችሽ እንመለስ፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ሴሎቹ አንድ ቀን ሞተው በሌላ ቀን መዳናቸውን የራስሽ ድክመት አድርገሽ ወስደሽዋል። እኔ ግን ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዶፓሚኑን ነው። ዶፓሚን የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚያስተላልፉበት፣ በፓርኪንሰን የሚያንሰው ኬሚካል ነው፤ ፈሳሽ ውስጥ ግን ብዙ አይቆይም። ሟሙቶ ከተቀመጠ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሃደ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ወደ ሮዝ ያደላል፣ ቆይቶ ቡናማ ይሆናል። ሴል የሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል። ፈሳሹ አሲዳማ አይደለም፣ ሙቀቱ 37 ዲግሪ ነው፣ ትንሽ ትንሽ ብረትም አይጠፋውም። በዚህ መሀል ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ኩዊኖን የሚባሉ ነገሮች ይፈጠራሉ። ሁለቱም ሴል ይገድላሉ። እንግዲህ ሴሎችሽን የጨረሳቸው ገና ከሴሉ ውጪ፣ ፈሳሹ ውስጥ የተፈጠረው ፐርኦክሳይድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን ካወቅሽ የቀን ቀን ልዩነቱ ብዙም አያስገርምሽም። ዶፓሚኑን ካሟሟሽ በኋላ ስልክ ተደውሎልሽ ግማሽ ሰዓት ቆየሽ እንበል። ያ ከትናንቱ የተለየ ሙከራ ነው። የሴሎቹ ብዛት ከፍ ካለ እነሱ ራሳቸው ፐርኦክሳይዱን እየሰባበሩ ይተርፋሉ፤ ሳሳ ብለው ከተዘሩ ያልቃሉ። ፈሳሹ ውስጥ ፓይሩቬት የሚባለው ንጥረ ነገር ካለ ፐርኦክሳይዱን ያጠፋዋል፤ ከሌለ አያጠፋውም። ሁለት ጠርሙሶች በትልቁ የተጻፈው ስማቸው አንድ ሆኖ በፓይሩቬት ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እስከ ካታሎግ ቁጥሩ ድረስ አንብቢው፣ ደብተርሽ ላይም ጻፊው።

ጤነኛ የነርቭ ሴል ዶፓሚንን እንዲህ ሜዳ ላይ አይተወውም። ታይሮሲን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ተነስቶ ሌቮዶፓን ይሠራል፣ ከሌቮዶፓ ዶፓሚንን ይሠራል። ከዚያ ቪማት 2 የሚባል ፕሮቲን ዶፓሚኑን ውስጣቸው አሲዳማ የሆነ ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ያስገባዋል። አሲድ ውስጥ ዶፓሚን ይረጋጋል። ከአንጎል ናሙና ዶፓሚን የሚለኩ ባለሙያዎችም ናሙናውን ቀዝቃዛ ፐርክሎሪክ አሲድ ውስጥ የሚፈጩት በዋናነት ለዚህ ነው። አንቺ ሳህን ላይ የምትጨምሪው ዶፓሚን ይህ ጥበቃ የለውም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ሙከራሽ ዱቄቱን በዕለቱ መዝኚ፤ የትናንቱን ፈሳሽ አትጠቀሚ። ከብርሃን ጠብቂው። ያሟሟሽበትንና ሴሎቹ ላይ የጨመርሽበትን ሰዓት ጻፊ። ከዚያ ሁለት ነገር ጨምሪ። አንደኛው፣ ሴል የሌለባቸው የሳህኑ ጉድጓዶች ላይ ዶፓሚኑን ብቻ አድርገሽ ምን እንደሚሆን እዪ። ሁለተኛው፣ ዶፓሚን ካለባቸው ሴሎች ለተወሰኑት ካታሌዝ ስጫቸው። ካታሌዝ ፐርኦክሳይድን የሚሰባብር ኢንዛይም ነው። ከሴሉ ውጪ ስለሚቀር ሴሎቹ በእሱ ከዳኑ ገዳዩ ውጪ ነበረ ማለት ነው።

ይህን ሳታጣሪ ወደ ውህዱ ብትሄጂ የሚመጣውን ልንገርሽ፤ ብዙ ተማሪ የሚወድቅበት ቦታ ነውና። የምትሞክሪው ውህድ ጥሩ አንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም እንደ ፐርኦክሳይድ ያሉትን የሚያከሽፍ ነው እንበል። ትጨምሪዋለሽ፣ ሴሎቹ ይድናሉ። ደስ ይልሻል፣ አማካሪሽም ደስ ይለዋል። ግን ውህዱ ሴሉ ውስጥ ላይገባም ይችላል። ፈሳሹ ውስጥ ሳለ ፐርኦክሳይዱን ቢያጠፋው ውጤቱ ያው ነው። ሌላም አለ። የሴሎቹን ሕይወት የምትለኪው ኤም.ቲ.ቲ. በሚባለው ቀለም ከሆነ፣ አንዳንድ አንቲኦክሲዳንቶች ሴል በሌለበት እንኳ ቀለሙን ራሳቸው ይቀይሩታል። ማሽኑ «ሴሎቹ በሕይወት አሉ» ይልሻል፤ አንዳቸውም ግን በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉ። ውህዱንና ቀለሙን ያለ ሴል አንድ ላይ አድርገሽ መለካት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ሳይሠሩት ወር ሙሉ የሚለፉ ሰዎች ሳይ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ በዚህ ሙያ እስካለሽ ድረስ ራስሽን እንድትጠይቂ የምፈልገው ይህን ነው፦ ሴሉን ነው ያዳንኩት ወይስ መርዙን ነው ያከሸፍኩት?

ጥያቄው ወደ አይጥ ስትሄጂም አይለቅሽም። እ.ኤ.አ. በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች ድንገት መንቀሳቀስም መናገርም እያቃታቸው ሆስፒታል ገቡ። ምልክታቸው የከፋ ፓርኪንሰን ነበር። በድብቅ የተሠራ ሰው ሠራሽ ሄሮይን ወስደው ነበር። ዊሊያም ላንግስተንና ባልደረቦቹ ነገሩን ተከታትለው ኤም.ፒ.ቲ.ፒ. የሚባል ኬሚካል ላይ ደረሱ። ዛሬ በየላብራቶሪው አይጥ ላይ ፓርኪንሰን መሰል ጉዳት ለማምጣት ይሠራበታል። ይህ ኬሚካል በራሱ ሴሉን አይገድልም። አንጎል ውስጥ ማኦ-ቢ የሚባል ኢንዛይም ወደ ሌላ ነገር ይለውጠዋል። የተለወጠው ነገር የነርቭ ሴሉ ዶፓሚንን መልሶ በሚያስገባበት በር ይገባና የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆነውን የሚቶኮንድሪያን ሥራ ያቆማል። አሁን አስቢው። ማኦ-ቢን የሚያግድ ማንኛውም ውህድ ከኬሚካሉ በፊት ብትሰጪው አይጡ ይድናል። በሩን የሚዘጋ ውህድም እንደዚያው። ሁለቱም ፓርኪንሰን ያለበትን ሰው ሴል ከሞት ስለማዳናቸው የነገሩሽ ነገር የለም።

«ከኬሚካሉ በፊት» የሚለውንም ልብ በዪው። ጽሑፎቹን ስታነቢ ውህዱ መቼ እንደተሰጠ ፈልጊ። በጣም ብዙዎቹ ከመርዙ በፊት ወይም አብሮ የተሰጠበት ናቸው። ሕመምተኛ ግን ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ዘግይቶ ነው። እጅ መንቀጥቀጥና እንቅስቃሴ መዘግየት ሲጀምር ስትሪያተም በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ያለው ዶፓሚን አብዛኛው ጠፍቷል። አይጥ ላይ ተስፋ የሰጡ ብዙ ውህዶች ሰው ላይ ያልሠሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጽሑፎቹ ይጋጫሉ ያልሽውም ከዚህ ይነሳል። ሁለት ጽሑፍ ሲጋጭብሽ ማን ትክክል ነው ከማለትሽ በፊት ምን ላይ እንደሠሩ ጠይቂ። አንዱ ኤስ.ኤች.-ኤስ.ዋይ.5.ዋይ. በሚባሉት ሴሎች ሠርቶ ይሆናል። እነዚህ ከልጅ ካንሰር የተገኙ፣ እየተከፋፈሉ የሚኖሩ ሴሎች ናቸው። እንዲበስሉ ካልተደረገ የነርቭ ሴልነታቸው ገና ጅምር ነው። ሌላው ከአይጥ ፅንስ የወሰደውን የመካከለኛ አንጎል ሴል ተጠቅሞ ይሆናል። ሦስተኛው የሰው ቆዳ ሴል ወደ ሌላ ዓይነት ሴል ሊለወጥ ወደሚችል ግንድ ሴል መልሶ፣ ከዚያ የነርቭ ሴል አድርጎ ይሆናል። ሦስቱም «ዶፓሚን የሚሠሩ ሴሎች» ብለው ይጽፋሉ። ስታነቢ ጠርዙ ላይ አራት ነገር ጻፊ፦ በምን ላይ፣ በምን መርዝ፣ መቼ ተሰጠ፣ ምን ተለካ። ግማሹ ግጭት እዚያው ይፈታልሻል።

ዛሬ የፓርኪንሰን መድኃኒት የሆነው የሌቮዶፓ ታሪክ ራሱ እንዲህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 ተመራማሪው አርቪድ ካርልሰን ሬዘርፒን የሚባል መድኃኒት ሰጥቶ እንቅስቃሴያቸውን ያቆሙ እንስሳትን በዶፓ (ሌቮዶፓ የዶፓ አንዱ መልክ ነው) መልሶ አንቀሳቀሳቸው። በዚያን ጊዜ ብዙዎች ዶፓሚንን ኖርአድሬናሊን የሚባለውን ሌላ ኬሚካል ለመሥራት የሚያገለግል መሸጋገሪያ ብቻ አድርገው ነበር የሚያዩት። በ1960 ኤሪንገርና ሆርኒኪየቪች በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ስትሪያተም ውስጥ ዶፓሚኑ እጅግ እንዳነሰ አሳዩ። በ1961 ቢርክማየርና ሆርኒኪየቪች ሌቮዶፓን ለሕመምተኞች በደም ሥር ሰጡ፤ ለውጡ አስደናቂ ነበር። ከዚያ ግን ሌሎች ሲሞክሩት አንዱ ይሠራል፣ ሌላው አይሠራም ይል ጀመር። መጠኑ ትንሽ ነበር፣ ከፍ ሲል ደግሞ ያስመልሳል። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስና ባልደረቦቹ ዶፓን በትንሹ ጀምረው መጠኑን በትዕግሥት እያሳደጉ በአፍ ሰጡ፤ ያኔ ነገሩ ግልጽ ሆነ። አባትሽ ዛሬ የሚወስዱት መድኃኒት የመጣው እንዲህ ነው። የሚጋጭ ውጤት ያዩ ሰዎች መጠንና ጊዜ ላይ ጠንክረው ባይሠሩ ኖሮ መድኃኒቱ ይጣል ነበር። ለእኔ ከዚህ ታሪክ የሚበልጥ ማጽናኛ የለም።

አሁን ስለ አባትሽ እናውራ። ይሄኛው ይበልጥ ያሳስበኛል።

እንደ አንቺ በራሱ ቤት ያለውን በሽታ የሚያጠና ሰው ብርታት አለው፤ አደጋም አለበት። ውህዱ እንዲሠራ ትፈልጊያለሽ። ከልብሽ ትፈልጊያለሽ። ይህ ፍላጎት ማይክሮስኮፑ ላይ ይከተልሻል። አንድ ሴል ግማሽ ቀለም ይዞ ሲታይሽ «ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?» የምትዪበት ቅጽበት አለ። መድኃኒት የወሰደው አይጥ እንደሆነ ካወቅሽ ትቆጥሪዋለሽ። ውሸታም ስለሆንሽ አይደለም፤ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንድ የላብራቶሪ ጓደኛሽ ናሙናዎቹን በኮድ ትሰይምልሽ። የትኛው አይጥ ምን እንደወሰደ ሳታውቂ ቁጠሪ። ቆጥረሽ ጨርሰሽ፣ ቁጥሩን ጽፈሽ፣ ከዚያ ኮዱን ክፈቺ። የትኛው አይጥ የትኛው ቡድን ውስጥ እንደሚገባም በዕጣ ይወሰን። አማካሪሽ ባይጠይቅሽም አድርጊው። ለአባትሽ ያለሽን ፍቅር ሥራሽ ውስጥ የምታሳዪበት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም፤ እሳቸው የሚያስፈልጋቸው እውነተኛ ውጤት ነውና።

መቁጠር ካነሳን አይቀር፣ በአይጥ ሥራ ደጋግሞ የሚያሳስት ሌላ ነገር አለ። ምናልባት 6-ሃይድሮክሲዶፓሚን የሚባለውን መርዝ ትጠቀሙ ይሆናል፤ ኡንገርስቴት የሚባል ተመራማሪ በ1968 ያስጀመረው ዘዴ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የአንጎሉ አንድ ወገን ብቻ ይወጋል። ከዚያ ዶፓሚን የሚሠሩ ሴሎች ባሉበት ሰብስታንሺያ ናይግራ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ የቀሩት ሴሎች የሚቆጠሩት ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ ለሚባለው ኢንዛይም በተሠራ ቀለም ነው። ቀለሙ ከጠፋ ሴሉ ሞተ ይባላል። ግን የተጎዳ ሴል ሳይሞት ኢንዛይሙን መሥራት ብቻ ሊያቆም ይችላል። በሌላ ቀለም፣ ለምሳሌ በኒስል፣ ሴሉ ራሱ መኖር አለመኖሩን እዪ። ውህድሽ «ሴል አተረፈ» ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ይህን ልዩነት ማወቅ አለብሽ። መርዞቹም የዋዛ አይደሉም። ኤም.ፒ.ቲ.ፒ.ን ብቻሽን፣ ሥልጠና ሳትወስጂ፣ ከተፈቀደው ቦታ ውጪ እንዳትነኪው። «ቶሎ በዪ» የሚልሽ ሰው ቢኖርም እምቢ በዪ።

«ዛሬስ ምን አገኛችሁ?» ለሚለው ጥያቄ ደግሞ እውነቱን ንገሪያቸው። «ዶፓሚን አየር ሲያገኝ ሴል የሚገድል ነገር እንደሚፈጥር ዛሬ በዓይኔ አየሁ» ማለት መልስ ነው። አባቶች ልጆቻቸው የሚሠሩትን ማወቅ ይፈልጋሉ፤ በየቀኑ ፈውስ አይጠብቁም። አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። ሐኪማቸው አትሁኚ። ላብራቶሪ ያየሽውን ውህድ ቤት እንዳትወስጂ። ሌቮዶፓውን ቀንሱ፣ አቁሙ እንዳትዪ፤ ድንገት ማቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ሊያመጣ ይችላል። የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን የሚያስተካክለው ሐኪማቸው ነው።

በምትኩ አንቺ ጠይቂያቸው። «በጣም የሚያስቸግርህ ምንድን ነው?» በያቸው። መንቀጥቀጡን ላይሉሽ ይችላሉ። የሆድ ድርቀት፣ እንቅልፍ፣ ሽታ አለማሽተት፣ ድብርት፣ መድኃኒቱ ከሚቀጥለው ሰዓቱ በፊት ማለቁ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እጅ ከመንቀጥቀጡ ከዓመታት በፊት የሚጀምሩ ናቸው፤ ሁሉም ደግሞ በዶፓሚን ብቻ አይገለጹም። ፍሬድሪክ ሌዊ በ1912 የገለጻቸው በሕመምተኞች የነርቭ ሴል ውስጥ የሚታዩ ጓጎሎች አሉ። ዋና አካላቸው አልፋ-ሳይኑክሊን የሚባል ፕሮቲን መሆኑ የታወቀው በ1997 ነው። በዚያው ዓመት የዚህ ፕሮቲን ጂን ላይ ያለ ለውጥ በዘር የሚወረስ ፓርኪንሰን እንደሚያመጣ ተገለጸ። ጓጎሎቹ ከሰብስታንሺያ ናይግራ ውጪም ይገኛሉ። አንቺ ሳህን ላይ በአንድ ቀን የምታደርጊው ነገር ለዓመታት ከሚሄደው ከዚህ በሽታ አንዲት ቁራጭ ነው። ቁራጭ መሆኑን እያወቅሽ ከሠራሽው ዋጋ አለው። በሽታው ራሱ ነው ብለሽ ከሠራሽው ያሳስትሻል።

ሌሎቹ ተማሪዎች ሁሉን ያውቃሉ ላልሽው አጭር መልስ አለኝ። ፕሮቶኮሉን፣ ማለትም የሥራውን ቅደም ተከተል ያውቃሉ፤ በጊዜ ስለገቡ ነው። ፕሮቶኮል ይለመዳል። ፒፔት አያያዝ፣ ሴል ማሳለፍ፣ ማቅለም፣ ሁሉም እጅ ላይ የሚመጣው በመደጋገም ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ አንቺም ወደ ውህዱ ለመድረስ ስትሮጪ መሠረቱን አትዝለዪ። ሴሎችሽ ስንተኛ ትውልድ ላይ እንዳሉ እወቂ። ማይኮፕላዝማ የሚባለው ባክቴሪያ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ ፈሳሹንም አያደፈርስም፤ ግን ሴሎቹን ይለውጣቸዋል። ስለዚህ በቅርቡ ተመርምረው እንደሆነ ጠይቂ። ደግሞም በአንድ ቀን በአንድ ሳህን ላይ የተሞሉ ስድስት ጉድጓዶች ስድስት ሙከራ አይደሉም። አንድ ሙከራ ናቸው። በተለያየ ቀን፣ ከአዲስ ዘር፣ በአዲስ ዶፓሚን ስትደግሚው ነው ሁለተኛ የሚባለው። ከአይጥ ጋር ስትሠሪም የሚቆጠረው አይጡ ነው፤ ከአንድ አንጎል የቆረጥሻቸው ሥሥ ቁርጥራጮች ብዛት አይደለም።

ልተወው ወይስ ልቀጥል ላልሽው፣ ውሳኔውን አንድ ሙሉ ሙከራ ከነኮንትሮሎቹ (ከነማነጻጸሪያዎቹ) ደጋግመሽ እስክትጨርሺ አቆዪው። የካታሌዙን፣ ሴል የሌለበትን፣ የኤም.ቲ.ቲ.ውን ጨርሰሽ ሥራው አሁንም የማያጓጓሽ ከሆነ፣ ሌላ ነገር መምረጥ ነውር የለውም። አባትሽ ስለታመሙ ብቻ ይህን ሙያ የመሥራት ዕዳ የለብሽም። ከእሳቸው ጋር ተቀምጦ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ መስጠትም ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ በፊት ግን አማካሪሽን አነጋግሪ። ባዶ እጅሽን አትግቢ። አንድ ገጽ ወረቀት ያዢ። ላዩ ላይ የሞቱበትንና የዳኑበትን ቀኖች አስቀምጪ፤ ከየቀኑ ጎን የዶፓሚኑን ዕድሜ፣ የሴሎቹን ብዛት፣ የፈሳሹን ካታሎግ ቁጥር ጻፊ። ከታች የምትጨምሪያቸውን ኮንትሮሎች ዘርዝሪ። «ሴሎቹ ይሞቱብኛል» ከማለት «ልዩነቱ ከፐርኦክሳይድ ይመስለኛል፣ ካታሌዝ ልሞክር» ማለት ንግግሩን ይለውጠዋል። ካታሌዙ እዚያው ካለ በዚያው ቀን ትጀምሪያለሽ። ጊዜ የለኝም ካለሽ የላብራቶሪውን ቴክኒሻን ወይም በዕድሜ የቀደመችሽን ተማሪ ያዢ፤ አብዛኛውን ጊዜ የዶፓሚኑ ዱቄት መቼ እንደተከፈተና ማቀዝቀዣው ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።